እርሙ ያልወጣ በራሪ

ደብረ ዘይት ያደገ ልጅ ጄትን በድምፁ ይለያል። ቀና ብሎ ማየት አያስፈልገውም። ቲ-33 የተማሪ በራሪዎች ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከፍ ዝቅ የማይል ረጅም ድምፅ እያሰማ ሲዞር ያረፍዳል። ካንቤራ ሲነሣ የቤታችን ቆርቆሮ ይርገበገባል፤ ረከቦት ላይ ያለው ስኒ ይንጫጫል። ኤፍ-5 ግን ልብ ያስደነግጣል። ከሐረር ሜዳ ተነሥቶ በሐይቆቹ ላይ ታጥፎ ሲመጣ የጋሪ ፈረሶች እንኳ ለምደውት ጆሯቸውን ብቻ ያቆማሉ። ከአዲስ አበባ ለእሑድ መዝናኛ የመጣ እንግዳ ግን መሬት ሊተኛ ይደርሳል፤ እኛ ልጆቹ በእንግዳው እንስቃለን። ጄቱ የእኛ ነበር። በራሪዎቹም የእኛ ነበሩ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ የኤፍ-5 በራሪ ይኖር ነበር። ማዕረጉ ሻምበል ነው። ስሙን አላነሣም፤ ልጆቹ አሉ፣ መናገር ቢፈልጉ የእነሱ ነው። እኛ «ጋሼ» ነበር የምንለው። ከሰርቪስ ሲወርድ መንገድ ላይ ካገኘን «ዛሬ ጠዋት ምን ነበር ያለፈው?» ይለናል። በትክክል ለመለሰ ራሱን ዳበስ ያደርገዋል፤ ለተሳሳተም ያው ነው። ሚስቱን «እትዬ» እንላት ነበር። በልምምድ በረራ ላይ ሆኖ ወደ ጦር ሰፈሩ ሲመለስ በቤቱ አናት ላይ ክንፉን ወዝወዝ አድርጎ ያልፋል። የአየር ኃይል ቴክኒሺያን የነበረው አባቴ ይህ በደንቡ የተከለከለ ነው ይላል፤ ግን ሲለው ፊቱ ላይ ቁጣ አይቼ አላውቅም። እትዬ ክንፉ ሲወዛወዝ አይታ ጀበናዋን ትጥዳለች። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ሻምበሉ በር ላይ ነው።

የ1969 ክረምት ይህን ሁሉ አበላሸው።

በሐምሌ ወር የሶማሊያው መሪ የሲያድ ባሬ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ስለዚያ ጦርነት ሲወራ የማይረሳኝ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ከንጉሠ ነገሥቱ ስደት መልስ የተቋቋመውን አየር ኃይላችንን ደብረ ዘይት ላይ፣ ያኔ ገና ቢሾፍቱ እየተባለች፣ ካደራጁት ስዊድናውያን ዋናው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበሩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ለድርቅ ተጎጂዎች እህል ሊያደርሱ ወደ ኦጋዴን ሄደው፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጥቃት ተገደሉ። ዕድሜያቸውን በአየር ላይ ያሳለፉ ሰው የሞቱት ምድር ላይ ነው። አባቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። መብረር ያስተማሩን ሰው መጀመሪያ ሄዱ፣ ከዚያ ያስተማሯቸው ልጆች ይከተሉ ጀመር ይላል።

በወረቀት ላይ የሶማሊያ አየር ኃይል የሚናቅ አልነበረም። ሶቪየቶች ያስታጠቁት ነው፤ ሚግ-21 እና ሚግ-17 ነበረው። የእኛ ግን አሜሪካ ሠራሽ ነበር፤ አሜሪካ ደግሞ በዚያው ዓመት ከደርግ ጋር ተኳርፋ መሣሪያና መለዋወጫ አቁማለች። ስለዚህ ያለው ጥቂት ኤፍ-5ኢ፣ ያለው መለዋወጫ፣ ያለው ሚሳይል ብቻ ነው። ሆኖም በአየር ላይ የበላይነቱን የያዙት የእኛ በራሪዎች ሆኑ። ይህ የሥልጠና ጉዳይ ነው፤ ለዓመታት አብረው የበረሩ፣ ጄታቸውን እንደ እጃቸው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ለገሠ ተፈራ፣ በዛብህ ጴጥሮስ፣ ባጫ ሁንዴ የሚሉት ስሞች ከዚያ ክረምት በኋላ በየቤቱ ይነሡ ጀመር። እኛም ኳስ ስንጫወት «እኔ ለገሠ ነኝ» እየተባባልን እንጣላ ነበር።

አባቴ ከጦር መሣሪያ ክፍል ጋር ወደ ድሬዳዋ ተልኮ ነበር። ሥራው ቦምብና ሚሳይል መግጠም ነው። ኋላ ካወራልን ሁሉ በልቤ የቀረው ስለ ጥይቱ ሳይሆን ስለ ጥበቃው የነገረን ነው። በራሪው ከተነሣ በኋላ መካኒኩ ባዶው ቦታ ላይ ይቀራል። መሰላሉ አለ፣ የጎማ መደገፊያው አለ፣ ጄቱ ብቻ የለም። የሚናገር የለም። ሁሉም ግን በልቡ ይቆጥራል፤ አራት ተነሥተው ስንት ድምፅ ይመለሳል? ሦስት ሲሰማ የሁሉም ዓይን ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ሰዓቱ ይሄዳል። ኤፍ-5 ብዙ የሚቆይ አውሮፕላን አይደለም። የያዘው ነዳጅ ይታወቃል፤ የሄደበት ርቀት ይታወቃል። ሰዓቱ ካለፈ፣ ሌላ ሜዳ ላይ አርፎ እንደሆነ በሬዲዮ ይጠየቃል። «አልመጣም» የሚል መልስ ከመጣ፣ የትም ይሁን የት፣ አሁን በአየር ላይ እንደሌለ እርግጥ ነው። አባቴ «ቄስም ሐኪምም ሳይሆን ነዳጁ ነው የሚያረዳን» ይል ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው አብሮ የተነሣው በራሪ ነው። ጄቱ ሲመታ አይቶ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ጃንጥላ ሲዘረጋ አይቶ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ተስፋው ምርኮ ነው፣ ለዚያ ተስፋ ይጸለያል። ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይከፋል፤ ደመና ውስጥ ገብቶ ወይም በጠላት መትረየስ ላይ ሲያጎነብስ ታይቶ፣ ከዚያ በሬዲዮ ሲጠሩት መልስ ያጣ። እሳት አልታየ፣ ጭስ አልታየ፣ ጃንጥላ አልታየ። የሰፈራችን ሻምበል የዚህ የሦስተኛው ነበር።

በእኛ አገር መርዶ ሌሊት ነው የሚነገረው። ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ የልብ ወዳጅ አስቀድመው፣ በር ያንኳኳሉ። ከእንቅልፍ ቀስቅሶ በማለዳ ያንኳኳን ሰው ያየች ሴት ሌላ ቃል አያስፈልጋትም። የሻምበሉ ሚስት ዘንድ ግን መኮንኖቹ የመጡት ከቀትር በኋላ ነው። በቀን መምጣታቸው ራሱ መልእክት ነበረው፤ ሞቷል ለማለት አልመጡም። «ከግዳጅ አልተመለሰም፣ ፍለጋው ይቀጥላል» አሏት። እናቴ እዚያ ነበረች። እትዬ ያን ሁሉ ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው አለች፦ «ጃንጥላው ተዘርግቶ ነበር?» መኮንኖቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ያን ማታ የዕድሩ ሰዎች እኛ ግቢ ተሰበሰቡ። ልጅ ስለነበርን በሩ ሥር ሆነን እንሰማለን። ድንኳን ይተከል ወይስ አይተከል የሚል ነበር ክርክሩ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ድንኳኑ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው፣ ገንዘቡም የሚከፈለው እንደዚያው። ሞተ ያልተባለ ሰው ደጃፍ ድንኳን መትከል ማሟረት ነው፤ ሴትዮዋ ራሷ ትነቅለዋለች። ዳኛው ይህን ሲናገሩ ማንም የተቃወመ የለም። እናቴ ግን ከጓዳ ሆና «ታዲያ ብቻዋን ትቀመጥ ነው የምትሉት?» አለች። ለዚህ መልስ ያለው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ሴቶቹ የራሳቸውን መንገድ አበጁ። በየተራ ቡና ይዘው ይሄዳሉ፤ ጥቁር አይለብሱም፣ አያለቅሱም፣ «ነፍስ ይማር» አይሉም። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ልጆች ኩፍኝ፣ ስለ ቀበሌ ስብሰባ ያወራሉ። ከግቢው ወጥተው ጥግ ሲይዙ ነው የሚያለቅሱት። አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ ሆነ።

ልቅሶ ጥበብ እንዳለው የገባኝ ኋላ ነው። ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ተዝካር አለ፣ ሙት ዓመት አለ፤ ሐዘኑ በየደረጃው ይወርዳል፣ ሰውም በየደረጃው ወደ ኑሮው ይመለሳል። ያለ ሬሳ እንኳ ልቅሶ ይቻላል፤ ሩቅ አገር ለሞተ ሰው ፎቶግራፉንና ልብሱን ይዞ የማይለቀስበት አገር የለንም። የሚከለክለው የሬሳው አለመኖር አይደለም፤ የሞቱ ወሬ አለመኖሩ ነው። እርሙን ያላወጣ ቤተሰብ በደረጃው የመጀመሪያ እርከን ላይ ቆሞ ይቀራል፤ መውጣትም መውረድም የለም።

በመስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች። በየካቲት 26 በካራማራ ድል ተመለሰች። ሬዲዮው ሲያበስር ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። እትዬም ወጥታ እልል አለች፤ እንዲያውም ከሁሉም ድምፅ የእሷ ጎልቶ ይሰማ ነበር ይላሉ። መሬቱ ከተመለሰ ሰዎቹም ይገኛሉ ብላ ነዋ! የሶማሊያ ጦር ለቅቆ በወጣበት አገር ሁሉ ፈላጊ ይሄዳል፣ ከአርብቶ አደሮቹም አንድ ያየ ሰው አይጠፋም ብላ አምና ነበር። ሻምበሉ ግን አልተገኘም። ጄቱም አልተገኘም።

ስለ ቁልቢ ልናገር። ድሬዳዋና ሐረር አቅጣጫ፣ በራሪዎቹ ከሚመላለሱበት ሰማይ ሥር ነው ገብርኤል ያለው። መንገዱ ሰላም ከሆነ በኋላ እትዬ በየታኅሣሡ 19 ትሄድ ጀመር። ስለቷ ጃንጥላ ነበር። ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ከመርካቶ የተገዛ ጥሩ ጃንጥላ አቅርባለች፤ ልጇን ቢመልስላት ደግሞ ሌላ ጃንጥላ ልታስገባ ተስላለች። ባሏን ነው እንዲህ የምትለው፤ የልጆቿ አባት ሆኖ ሳለ «ልጄን» ትል ነበር። ስኒ የሚያዩ ሴቶችም ዘንድ ሄዳለች። አንዷ «ግንብ ውስጥ ተቀምጦ ይታየኛል» አለቻት። ይህ ቃል ለዓመታት ቀለብ ሆናት። እኔ እንዲህ ያሉትን ሴቶች አልወድም። ቢሆንም ያቺን ሴት ለመርገም አፌ አይደፍርም፤ ከመሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ የተሻለ መልስ የሰጠቻት እሷ ናት።

መሥሪያ ቤቱማ ወረቀት ጠየቀ። ደመወዙ ለተወሰነ ጊዜ ቀጠለ፤ ከዚያ ጉዳዩ ወደ ጡረታ ሲዞር «የሞት ማስረጃ አምጪ» ተባለች። የሚሰጣት የለም። ማነው ሞተ የሚለው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ መንገድ አብጅቷል። በአንቀጽ 154 መሠረት አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሁሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ መጥፋቱ እንዲወሰን መጠየቅ ይችላል። ሕጉ ለንብረትና ለወራሽ ሲባል የወጣ ነው፤ ክፋት የለውም። ግን ውሳኔው የጸና ዕለት የጠፋው ሰው ጋብቻም ይፈርሳል። ማመልከቻውን የምታስገባው ደግሞ ሚስቲቱ ናት። ልጆቿን ለማብላት ትዳሯን በራሷ ጣት ፈርማ ልታፈርስ ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ሲያስረዳት ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች እያስረከበች ነው ልጆቹን ያሳደገችው። ወረቀቱን አልፈረመችም።

የአውሮፕላኑ መካኒክም ይመጣ ነበር። የሻምበሉን ነገር ማንም አያነሣም። እሱም ቤት ይገባና ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። አባቴ እንደነገረን ሰውዬው ማታ ማታ የሚያብሰለስለው አንድ ነገር ነው፤ ያን ቀን ጠዋት ያጠበቅኩት ብሎን የቱ ነበር? ጄቱ ተመትቶ ከሆነ እሱ ነጻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከሆነስ? የጄቱ ስብርባሪ ቢገኝ ለሚስቲቱ ብቻ አልነበረም የሚጠቅመው፤ ያን መካኒክም ያሳርፈው ነበር።

ከዚያ 1980 መጣ።

ለገሠ ተፈራ ከኦጋዴን ግዳጅ ሳይመለስ ቀርቶ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆየ። የተፈታው ሰው አስታውሶት፣ የእስረኛ ሚስት ዕንባ አራርቶ አልነበረም። በመጋቢት 1980 አፋቤት ላይ የኢትዮጵያ ጦር ከባድ ሽንፈት ደረሰበት፤ መንግሥት በምሥራቅ ያለውን ሠራዊት ወደ ሰሜን ማዞር ፈለገ፤ ለዚያ ደግሞ ከሲያድ ባሬ ጋር መታረቅ ያስፈልግ ነበር። ለ11 ዓመት ያልተቻለው ስምምነት በጥቂት ሳምንታት ተቻለ። ምርኮኞቹ በቀይ መስቀል አማካይነት በክረምቱ መጨረሻ ተለዋወጡ። ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፎ የተማረከው ኩባዊው መኮንን ኦርላንዶ ካርዶሶ ቪያቪሴንሲዮም ከአሥር ዓመት በላይ ታስሮ የወጣው በዚያው ወቅት ነው። ዕርቁ ለሌላው ወገን ምን እንዳመጣ ያኔ አላሰብንም። ከኢትዮጵያ ድጋፍ ያጡት የሰሜን ሶማሊያ አማፅያን ወደ አገራቸው ገብተው ሲዋጉ፣ የሲያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በራሱ ጄቶች ደበደባት። የእኛን ልጆች የመለሰ ወረቀት የእነሱን ከተማ ያስቃጠለ ወረቀት ነው። በዚያ በኩልም ከ1969 ጀምሮ ሚግ ላይ የወጣ ልጃቸው ያልተመለሰላቸው እናቶች አሉ፤ የእነሱ መንግሥት ደግሞ ጭራሹን ፈረሰ። ማንን ይጠይቁ?

ለገሠ ሲመለስ የደብረ ዘይት ደስታ ልክ አልነበረውም። የአገሪቱ ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ተሰጠው፤ እስከ ብርጋዴር ጄኔራልነትም ደረሰ። ይገባዋል። ግን እኔ ያን ክረምት ሳስበው ሜዳዩ አይደለም የሚታየኝ። የሰፈራችንን ሴት ነው የማስበው። በዚያን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏታል፤ ትልቁ ልጇ ጎርምሷል፤ ሌሎቹ ሴቶች ቀስ ብለው «እንግዲህ እግዜር ያውቃል፣ ቢያንስ ፍታት አስፈትቺለት» ማለት ጀምረው ነበር። እሷም ልትስማማ ጫፍ ደርሳ ነበር። አንድ ሰው ከ11 ዓመት በኋላ በእግሩ ሄዶ ቤቱ ሲገባ ግን ይህ ሁሉ ምክር ተገለበጠ። ያቺ «ግንብ ውስጥ ይታየኛል» ያለችው ሴት እውነቷን ሆነ። በጠፉት ሰዎች ቤቶች ሁሉ ላይ የተዘጋ በር ተከፈተ፤ በአንዱ ቤት በር ሰው ገባ፣ በሌሎቹ ግን ብርዱ ብቻ ነው የገባው።

ከሻምበሉ ሳጥን ልብሱን አውጥታ አጠበች። ፎቶግራፉን ይዛ ከእስር የተመለሱትን ሁሉ ዞረች፤ ወታደሩን፣ ሚሊሻውን፣ መኮንኑን። «ይህን ሰው አይታችኋል?» ሰዎቹ አሥር ዓመት ጨለማ ቤት የኖሩ ናቸው፤ ሆኖም ፎቶግራፉን ተቀብለው ደጋግመው እያዩ፣ እንዳያስቀይሟት ቃል እየመረጡ መለሱላት። አንዱ ብቻ «እናቴ፣ እኔ የማውቃቸው በራሪዎች በሙሉ ተፈትተዋል፤ እዚያ የቀረ በራሪ የለም» አላት። አባቴ ሰውዬው እውነቱን በመናገሩ ተናደደበት። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ውለታ የዋለላት እሱ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ባለው ታኅሣሥ ቁልቢ ሄዳ ስትመለስ ጥቁር ለበሰች። ዕድሩ ድንኳኑን ይዞ መጣ፤ ገንዘቡንም ከፈለ። ደንቡ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚል የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሁለት ዓመት ተኩል ያህል እንኳ ሳይሞላ ግንቦት 1983 ደረሰ። ከጦር ሰፈሩ ብዙ በራሪ ጄቱንና ሄሊኮፕተሩን ይዞ ወደ ጅቡቲና ወደ ሌሎች ጎረቤት አገሮች ወጣ። የቀረው ተያዘ ወይ ተበተነ። የኦጋዴን አርበኛ «የደርግ ሠራዊት» በሚል ስም ተጠራ፤ ከሲያድ ባሬ ጦር ጋር የተዋጋና ሌላ ግንባር የተዋጋ ሳይለይ በአንድ ከረጢት ተከተተ። ይህ ፍርድ ያኔም ትክክል አልነበረም፣ ዛሬም አይደለም። ሻምበሉ የወጣው በአገሩ ላይ የመጣን ወራሪ ሊመክት ነው፤ ቤተ መንግሥት ማን እንደተቀመጠ ሳይጠይቅ ነው የወጣው። በመንግሥት ለውጥ ብዙ ነገር ይቀየራል። የአንድ በራሪ የመጨረሻ በረራ ግን ያው ነው።

ደግሞ ጉዳዩ ከኦጋዴን ጋር አልተቋጨም። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ፣ ልጆች ሆነን ስሙን ስንሻማበት የነበረው፣ በ1970ዎቹ በኤርትራ ጦርነት ተማርኮ ኋላ የተለቀቀ ሰው ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ፣ ግንቦት 1990 ማብቂያ ላይ እንደገና ተነሥቶ አሥመራ ላይ ተመታ፤ በሕይወት ወርዶ ለሁለተኛ ጊዜ ተማረከ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። በ2010 ክረምት የሁለቱ አገሮች መሪዎች ሲተቃቀፉ፣ አውሮፕላን ወደ አሥመራ ሲጀምር፣ ሰዎች አበባ ይዘው ሲቀባበሉ፣ እኔ የማስበው እሱን ነበር። ዕርቅ ሲፈረም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «የያዛችኋቸው የት ናቸው?» የሚለው ነው፤ ከንግዱም፣ ከወደቡም፣ ከበረራውም በፊት። በ1980 ዕርቅ ምርኮኞች ተመልሰዋል፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ተመልሰዋል። ይህ እንደሚቻል ያሳያል።

እትዬ ካረፈች ቆይቷል። በቀብሯ ዕለት ልጆቿ ተማክረው የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ «ባለቤቷ በኦጋዴን ጦርነት ለአገሩ ተሰውቷል» አስባሉ። ትክክል አደረጉ። ሆኖም ትልቁ ልጅ በኋላ ለብቻችን ስንሆን ያለኝ ነገር አለ፦ «እኔ የምፈልገው ጀግና መባሉን አይደለም፤ ያን የሚጠራጠር የለም። በየት በኩል እንደሄደ ነው። ያን ቀን ወደ ደገሐቡር ነበር ወይስ ወደ ቀብሪደሐር? ካርታ ላይ ጣቴን የማሳርፍበት ቦታ ስጡኝ ነው የምለው።» አባቴ በሕይወት ቢኖር ይነግረው ነበር። እኔ አልጠየቅኩትም፤ ብዙዎቻችን አባቶቻችንን የጠየቅናቸው ጀግንነቱን እንጂ አቅጣጫውን አይደለም።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለአንድ ወገን ነው። በ1969 የሃያ አምስት ዓመት ወጣት የነበረ በራሪ ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። መካኒኮቹ፣ የራዳርና የሬዲዮ ሠራተኞቹ፣ ጥይት ገጣሚዎቹም እንደዚያው። ደብረ ዘይትም አላችሁ፣ አዲስ አበባም፣ አሜሪካም፣ አውሮፓም። አብራችሁት የተነሣችሁት ጓድ ሳይመለስ የቀረባችሁ ካላችሁ፣ የበረራ መዝገባችሁን ከሳጥን አውጡት። ቀኑን፣ ከየት እንደተነሣችሁ፣ ወዴት እንደታጠፈ፣ በሬዲዮ መጨረሻ ያለውን ቃል ጻፉ። ያያችሁት እሳት ከሆነ እሳት በሉ፤ ምንም ካላያችሁም ምንም አላየሁም ብላችሁ ፈርሙ። ጋዜጣ ላይ ማውጣት አያስፈልግም። ቤተሰቡን ፈልጋችሁ በእጃቸው ስጧቸው።